መስቀል የታጠበበት ውሃ

ደርቤን ደባርቅ ላይ የማያውቀው የለም። የደበዘዘ ጸናጽልና ጽና፣ የዛገ የመስቀል እጀታ ሳይቀር እሱ ቤት ገብቶ ኒኬል ለብሶ ሲወጣ ዓይን ይወጋል። ሰውየው ጨዋታ ይወዳል፤ ሥራ ላይ ካቀረቀረ ግን ጆሮ የሚባል ነገር የለውም። ጉድ ያመጣበትም ይኸው ነው።

ዕቃውን ኒኬል ከሚነክርበት ገንዳ የሚተርፈው ፈሳሽ መርዝ መሆኑን አሳምሮ ያውቃል። ወንዝ እንዳይገባ ብሎ መሬት ላይ አይደፋውም፤ እንዲህ ያለውን ቆሻሻ የሚረከበው መኪና እስኪመጣ አሲዱን ለብቻ፣ የኒኬሉን ለብቻ ለይቶ ጓሮ ያስቀምጣል። ለዚህስ ይመሰገናል። ምን ያደርጋል፣ ማስቀመጫው ቢጫ ጀሪካን፣ ጓሮውም ቁልፍ የሌለው ነበር። ቢጫ ጀሪካን ደግሞ በዚህ አገር ጠበል ይቀዳበታል።

ቤቱን ያከራዩት እማማ እስከዳር ደርቤን እንደ ወለዱት ልጅ ነው የሚያዩት፤ ምሳ ካልበላ ይቆጡታል። አንድ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ጓሮ ብቅ አሉና አንዱን ጀሪካን እያመለከቱ በመስኮት ጠየቁት።

«ደርቤ ልጄ፣ ይህ መስቀሉ የታጠበበት ውሃ ነው?»

«አዎ፣ እማማ» አለ፣ ዓይኑን ከሥራው ሳያነሳ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጓሮ ሲወጣ ከኒኬሉ ጀሪካኖች አንዱ የለም። የጠዋቱ ጥያቄ ያኔ ገባው። እማማ የታመሙ እህታቸውን ሊጠይቁ ዳባት ሄደዋል። ቢደውል ስልካቸው ዝግ ነው፤ ጠበል ይዘው ሲሄዱ ስልክ አይከፍቱም። ያገኘው ሚኒባስ ላይ ዘሎ ወጣ፤ መንገዱን ሁሉ «እመቤቴ፣ አደራ፣ እንዳይጠጡት» እያለ ተማጸነ።

ሲደርስ ጀሪካኑ ከታማሚዋ ራስጌ ተቀምጧል።

«እማማ፣ ጠጡት እንዴ?»

«እህል ቀምሳ እንዴት ትጠጣለች? ነገ ጠዋት በባዶ ሆዷ ነው እንጂ።»

ደርቤ ግድግዳውን ተደግፎ ተነፈሰ። ጭንቁ ግን አላለቀም፤ መስቀል የገባበትን ውሃ መርዝ ነው ብሎ እንዴት ለእሳቸው ይናገር?

«መስቀሉስ ምንም አይወጣለትም» አለ በመጨረሻ። «ውሃውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሰው የሚገድል ኬሚካል አለበት። ልነግርዎት ይገባ ነበር። ከእንግዲህ በርሜል ውስጥ አደርገዋለሁ፤ ጓሮውንም እቆልፈዋለሁ።»

እማማ ጀሪካኑን አዩ፤ እሱን አዩ። ቁጣ ሲጠብቅ ፊታቸው ድንግጥ አለ።

«እንግዲያ አንተም እንዳትጠጣው» አሉት። «ሌት ሌት ስትስል እየሰማሁ አንጀቴን ብትበላው፣ ላንተም በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድቼ ከአልጋህ ራስጌ አኑሬልሃለሁ።»

ደርቤ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመና ቀና ማለት አቃተው።