ጋሽ ይርዳውና የአባቴ ቡላ

ባለፈው ሳምንት ወልቂጤ መናኸሪያ በር ላይ አንድ ሚኒባስ ፈልቶ ቆሞ ነበር። ሹፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ ራቅ ብሏል፣ ተሳፋሪው ወርዶ ያጉረመርማል፣ ከሞተሩ ነጭ እንፋሎት ይትጎለጎላል። ሽታው እኔ እስካለሁበት ድረስ መጣ። የራዲያተር ውሃ ከነማቀዝቀዣ ፈሳሹ በጋለ ብረት ላይ ሲፈስ የሚያወጣው ሽታ ነው፤ እንዳረረ ስኳር ይጣፍጣል፣ ግን ጉሮሮ ላይ ይቀርና ያቅለሸልሻል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ አለፈ። እኔ የገዛሁትን ቲማቲም እንዳንጠለጠልኩ ቆምኩ። ሽታ ሰውን የሚያቆመው የሚወደው ሰው ትዝ ሲለው ነው ሲሉ እሰማለሁ። እኔን ያቆመኝ የምጠላው ሰው ነው።

ጋሽ ይርዳው ቡታጅራ ውስጥ የአጥር ጎረቤታችን ነበር። ልጅ ሳለሁ አንቱ ነበር የምለው፤ አሁን ስጽፍ ግን እጄ እንቢ አለኝ። ከሰሜን የመጣ፣ በወጣትነቱ ጦር ሠራዊት ውስጥ መኪና ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ግቢው ውስጥ ጋራዥ ነበረው፤ ዝገት የበላው ኮንቴይነር፣ መኪና ሥር የሚገባበት ጉድጓድ፣ ዘይት ጠጥቶ የጠቆረ መሬት። በእኛና በእሱ መካከል ያለው አጥር አሮጌ ቆርቆሮ ስለነበር፣ ምስማር በወለቀበት ቀዳዳ ሁሉም ነገር ይታያል። እኔ ከሰው ጋር መጫወት የማፍር ሴት ልጅ ስለነበርኩ ከትምህርት ቤት ስመለስ ብዙውን ጊዜ እዚያ ቀዳዳ ላይ ነበርኩ።

የሰፈር ልጆች ኳስ ግቢው ከገባች በቢላ ሰንጥቆ ነበር የሚመልሳት። እናቴ በየበዓሉ ዳቦ ትልክለታለች፤ የጎረቤት ሳህን ባዶውን እንደማይመለስ ሕፃን እንኳ ያውቃል፣ እሱ ግን ባዶውን፣ ያውም የጥቁር ጣት አሻራ ታትሞበት ይመልሰዋል። እናቴ ሳህኑን እያጠበች፣ "ሚስት የሌለው ሰው ነው፣ ምን ያድርግ" ትላለች። ሚስት ነበረችው። ጥላው ሄዳ ነው። እኔም በልጅ ልቤ ደግ አደረገች እል ነበር።

ሥራውን ግን አልክድም። አንድ ሞተር ሲፈታ በመጀመሪያ ካርቶን ላይ የሞተሩን ቅርጽ በእርሳስ ይስላል። ከዚያ እያንዳንዱን ብሎን ከወለቀበት ቦታ ልክ ካርቶኑን በስቶ ይሰካዋል። ረጅሙ ከረጅሙ ቦታ፣ አጭሩ ከአጭሩ ቦታ። ሲጨርስ ካርቶኑን አጥር ላይ ያስደግፈዋል፤ እኔ በዚያ በኩል ሆኜ የተሰኩትን ብሎኖች ጫፍ እቆጥራለሁ። አንዱ ዝጎ ከተሰበረ ፊቱ ይከፋል፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀምጠዋል። ለብሎን ያዘነውን ያህል ለሰው አላዘነም።

አባቴ ከድር የአቶ ሸምሱ ሹፌር ነበር። አቶ ሸምሱ መርካቶ ጨርቅ የሚነግድ የአገራችን ሰው ነው። በየዓመቱ ለአረፋ ወደ አገሩ ይገባል፤ ቡታጅራ እህቱ ቤት ጥቂት ቀን ይቆይና በዓሉን ከቆሼ ከተማ ወዲህ ባለው መንደር ከእናቱ ጋር ያከብራል። እነዚያን ቀናት አባቴም ከእኛ ጋር ያድራል፣ መኪናዋም ደጃችን ትቆማለች። ጥቁር፣ ዝቅ ያለች መኪና ነበረች። ሞተሯ ላይ አየር እየጨመቀ የሚያስገባ ከባድ ብረት ነበረባት፣ አባቴ ኮምፕሬሰር ይለዋል። "የሌላው መኪና ሞተር በራሱ ይተነፍሳል፣ የእኛዋ ግን የሚነፋላት አላት" እያለ ለእንግዳ ሁሉ ያስረዳ ነበር። የእኛዋ ሲል እናቴ ትስቅበታለች።

አቶ ሸምሱ ክፉ አልነበረም፤ የማይወደው መደበቅን ነው። ከአባቴ በፊት የነበረውን ሹፌር ያሰናበተው የዘይት መፍሰስ ስለደበቀው ነው ይባላል። ነገሩ በሆነበት ዓመት ከአዲስ አበባ ከመነሳታቸው በፊት መኪናዋን አስፈትሸሃል ወይ ብሎ አባቴን ጠየቀው። አባቴ አስፈትሼአለሁ አለ። አላስፈተሸም ነበር፤ ቀኑ አጥሮበት ነው።

ለበዓሉ አራት ቀን ሲቀር አባቴ ከመኪናዋ ሥር አረንጓዴ ጠብታ አየ። መሬት ላይ ተኝቶ በባትሪ ሲያይ፣ ከኮምፕሬሰሩ በታች፣ በእሱና በሞተሩ መካከል የምታልፍ አንዲት ቆልማማ የውሃ ጎማ ተሰንጥቃለች። ጣቱ ይነካታል፣ እጁ ግን አይገባም። ለአቶ ሸምሱ ቢናገር መዋሸቱ ይታወቃል። ዝም ቢል ውሃው ያልቃል። ድሮ የጭነት መኪና የሚነዱ ሰዎች ራዲያተር ሲያፈስባቸው ዱቄት ነገር ጨምረው እቤታቸው እንደሚገቡ ሰምቶ ነበር። እናቴ ደግሞ ለበዓሉ ያስቀመጠችው ቡላ ነበራት፤ ነጭ፣ ንጹሕ፣ ከእናቷ ቤት የመጣ። ቡላ በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ እሳት ሲያገኝ ይጠጥራል። አባቴ የፈለገው ይኼንኑ ነበር። ስንጥቁ ጋ ደርሶ ይጠጥርልኛል አለ።

"ሰውዬ፣ ይኼ እኮ ምግብ ነው" አለችው እናቴ።

"ምግብ ስለሆነ ነው የማይጎዳት" አላት።

ሁለት ብርጭቆ በጥብጦ ራዲያተሩ ውስጥ ጨመረ፣ ሞተሩንም አስነስቶ ጥቂት አሞቀው። ጠብታው ቆመ። በማግስቱ ጠዋት አባቴ ፊቱን ሲታጠብ ያንጎራጉር ነበር። ቡላው ግን የት ጋ መጠጠር እንዳለበት የነገረው የለም። ረፋዱ ላይ ለቅሶ ለመድረስ አቶ ሸምሱን ይዞ ወደ ቆሼ ሲወርድ፣ የሙቀቱ መርፌ ወጣ፣ መኪናዋ መንገድ ላይ ፈላች። የማረቆ በርበሬ የጫነ መኪና ጎትቶ አመጣትና ጋሽ ይርዳው ግቢ አስገባት። ያን ጣፋጭ ሽታ መጀመሪያ ያሸተትኩት ያን ዕለት ነው። ከበርበሬው ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ዓይን ያቃጥል ነበር።

አቶ ሸምሱ ጎማ ተሰንጥቋል ሲባል ሰምቶ፣ ለአረፋ እንድትደርስ ብሎ ወደ እህቱ ቤት ሄደ። አባቴ ግን ቀረ። እኔ በቀዳዳዬ ነበርኩ። ጋሽ ይርዳው የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ጣቱን ነከረ፣ አወጣው፣ አሻሸው፣ አሸተተው። ከዚያ አባቴን ቀና ብሎ አየው።

አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ጋሽ ይርዳው፣ ጎረቤት ነን። ይቺን ነገር ለእኔ ይተዉልኝ። እንጀራዬ ናት" አለው።

ጋሽ ይርዳው ጣቱን በሱሪው ጠረገ። "የእኔ ሥራ ጎማ መቀየር ነው ከድር። ወሬ አልጠግንም" አለ።

አባቴ ይኼን እንደ ቃል ኪዳን ወሰደው። ማታ ለእናቴ ሲነግራት፣ "አፉ ነው እንጂ ሰውየው ሰው ነው" ሲል ሰምቻለሁ።

ያችን ትንሽ ጎማ ለማውጣት ጋሽ ይርዳው የሞተሩን ግማሽ አወረደ። የአየር ቧንቧዎቹን ፈታ፣ የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ አወለቀ፣ ኮምፕሬሰሩን ብሎን በብሎን አላቅቆ እንደ ሕፃን ታቅፎ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ካርቶኑ ላይ የብሎን ጫካ በቀለ። ጎማዋ ስትወጣ በዘይት ያበጠች፣ ከሥሯ የተሰነጠቀች የመዳፍ ያህል ነገር ነበረች። አዲሲቱ ከአዲስ አበባ በሚኒባስ እስክትመጣ ደግሞ የበሰለውን ቡላ ከራዲያተሩና ከሞተሩ ሆድ በሙቅ ውሃ ሲያጥብ ዋለ። እየረጋ የሚወጣውን በትልቅ ትሪ ተቀበለው። ለምን እንዳልደፋው ያኔ አልገባኝም።

በሁለተኛው ቀን፣ የሴቶች አረፋ የሚባለው ከዋናው በዓል አንድ ቀን የሚቀድመው ዕለት፣ አዲሲቱ ጎማ ገብታ ኮምፕሬሰሩ ገና ሳይመለስ አቶ ሸምሱ ከዘመዶቹ ጋር መጣ። ሞተሩ ተበታትኖ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

"ለአንድ ጎማ ነው ይኼ ሁሉ?" አለ።

"ያለችበት ቦታ ነው እንጂ እሷማ የአሥር ደቂቃ ሥራ ናት" አለ ጋሽ ይርዳው።

"አዲስ አበባ ቢሆን ለምሳ ሳይደርስ ያልቅ ነበር።"

"እንግዲያው እዚያ አስጎትታት።"

ሰው መሰብሰብ ጀመረ። ከአቶ ሸምሱ ዘመዶች አንዱ ሳቅ ብሎ፣ "ደህናውን ዕቃ አውልቆ አሮጌ ሊገጥምበት ይሆናላ" አለ። አቶ ሸምሱ አልገሠጸውም። እንዲያውም ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኮምፕሬሰር ጠጋ ብሎ እያየ፣ "የእኔው መሆኑን በምን አውቃለሁ?" አለ።

ጋሽ ይርዳው እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ጣት በጣት፣ ሳይቸኩል። አባቴ መኪናዋ አጠገብ ቆሞ ቁልፉን ጨብጧል፤ ከቀዳዳዬ የሚታየኝ ትከሻው ነበር። ጋሽ ይርዳው ኮንቴይነሩ ውስጥ ገብቶ በትሪው ወጣ። ሰው መሀል አስቀመጠው።

"ሌባ የምትፈልግ ከሆነ ማድ ቤት ፈልግ" አለ። "ሁለት ቀን የፈጀብኝ ይኼ ነው። ቡላ ነው። ሹፌርህ ሞተርህ ውስጥ ገንፎ አብስሎልሃል። ቅቤና ሚጥሚጣ ብቻ ነው የጎደለው። ቅመሰው እንጂ፣ ያገርህ ምግብ አይደል?"

ሰው ሳቀ። አንድ ሰው ቢስቅ ይረሳል፤ ግቢ ሙሉ ሰው ነው የሳቀው፣ አጥር ላይ የተንጠለጠሉት ልጆች ሳይቀሩ። አቶ ሸምሱ አልሳቀም። አባቴን፣ "አስፈትሼአለሁ ብለኸኝ ነበር" አለው። አቶ ሸምሱ መዳፉን ዘረጋ፣ አባቴ ቁልፉን አስቀመጠበት። "በሰላም ግባ ከድር" ብሎት ዞረ። ጋሽ ይርዳው ያን ጊዜ ጀርባውን ሰጥቶ ካርቶኑ ላይ ጎንበስ ብሎ ብሎን ይመርጥ ነበር።

እቤት የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ተሰብስበው ጎመንና ቆጮ እየቀረበ ይጨዋወቱ ነበር። አባቴ ሲገባ ጨዋታው እንዴት እንደቆመ አልረሳም። ወሬው ቀድሞት ደርሷል። የእናቴ እጅ የቆጮው ሙዳይ ላይ ቀረ። አባቴ ማንንም ሳያይ ጓዳ ገባ።

ከዚያ በኋላ አባቴ ከድር ቡላ ሆነ። ገበያ ውስጥ ከድር ተብሎ ቢጠራ "የቱ፣ ቡላው?" ይላሉ። መኪና የሚያምነው ጠፋ፤ የበርበሬ ጆንያ ሲጭን ከረመ፣ ኋላ የሰው ባጃጅ ያዘ። እኔን ትምህርት ቤት የቡላ ልጅ ይሉኝ ጀመር። ድሮም ለመናገር የማፍር ልጅ ጭራሽ መምህር ሲጠራኝ መነሳት አቃተኝ። የቤቱም ነገር ሲከብድ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ቀረሁ።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች አንድ ቀን ሁለቱን ለማስታረቅ እኛ ቤት ደጃፍ ተቀመጡ። ጋሽ ይርዳው መጣ፣ ግን አልተቀመጠም። "ውሸት ተናግሬ እንደሆነ ንገሩኝ፣ እግሩ ላይ እወድቃለሁ" አለ። አንዱ ሽማግሌ፣ "እውነት ሁሉ አደባባይ ላይ አይዘረገፍም ይርዳው" አሉት። "እኔ ሌባ ስባል አደባባይ ላይ ነበር" ብሎ ሄደ። እርቁ በዚያው ቀረ። አባቴ መሬቱን በእንጨት ይጭር ነበር።

ጋሽ ይርዳው ከሦስት ዓመት በፊት ሞተ። ለቀስተኛው ትንሽ ነበር። አባቴ ነጠላውን አጣፍቶ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሸኘው፣ አፈር እስኪመለስ ውጭ ቆሞ ጠበቀ። እኔ አልሄድኩም። ሲመለስ ለምን ሄድክ አልኩት፤ ከአባቴ ጋር እንዲህ ደፍሬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። "እሱ ያለው እውነት ነው" አለኝ። "ያቃጠለኝ ሰው ማሳቁ ነው። እሱንም ቢሆን እኔ ነኝ ያቀበልኩት።" እኔ ግን እንደ አባቴ አይደለሁም። ሰውየው ተሰድቦ ነበር፣ ይገባኛል። ሌባ አይደለሁም ብሎ አቶ ሸምሱን ለብቻው ጠርቶ ትሪውን ቢያሳየው ኖሮ እንኳ አልጠላውም ነበር። ቅቤውንና ሚጥሚጣውን የጨመረው ለምን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እኔ አሁን ወልቂጤ የአክስቴ ባል መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። ዝምተኛ ስለሆንኩ ሹፌሮች ይወዱኛል፤ ለባለቤት የማይነግሩትን ለእኔ ይነግሩኛል። በቅርቡ አንድ ከአገና የመጣ ልጅ እግር ሹፌር ጠዋት ብቻውን መጥቶ፣ የመኪናውን የውሃ ጎማ በሽቦ አጥብቆ ሲያሥራት ራሱ እንደቆረጣት ነገረኝ። ከሰዓት ደግሞ ከመኪናው ባለቤት ጋር ተመለሰ። ባለቤቱ የተቆረጠችውን ጎማ ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጎ፣ ሱቅ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ "አንቺ፣ ይኼ የሹፌር ጥፋት ነው የዕቃ?" አለኝ። ልጁ ወለሉን ያያል። ፊቴ ጋለ፣ የተናገርኩትም አልተሰማውም መሰለኝ፣ ጆሮውን አስጠግቶ "ምን?" አለ።

"ጎማ ያረጃል ጋሼ" አልኩት። አዲሲቱንም በጋዜጣ ጠቅልዬ ለልጁ ሰጠሁት።