ቅቤ የያዘው ሰማያዊ ልጅ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም፤ ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። የቅዳሜውን ጉዞ ግን ሳልጽፈው ልተወው አልቻልኩም።

ሚኒያፖሊስ አጠገብ፣ ፕሊማውዝ ከተማ ውስጥ አንድ ቢሮ አጸዳለሁ። እዚያ የምትሠራው ሕንዳዊት ፕሪያ ጠረጴዛዋ ላይ የሕፃን ሥዕል አለ፤ ገላው ሰማያዊ፣ ጌጡ ወርቅ። ቫኪዩሙን አጥፍቼ ሳየው ደረሰችብኝ። አምላካቸው ክሪሽና በልጅነቱ ነው አለችኝ። የሣሉት እናቷ ናቸው፤ አሁን እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ቀጭኑን መስመር የሚያሰምርላቸው፣ ሙያውንም የሚማር ሰው ይፈልጋሉ። «እኔ ጥልፍ እችላለሁ» አልኩ። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። ፕሪያም እናቷ እንዲፈትኑኝ ለቅዳሜ ቤታቸው ቀጠረችኝ።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት

ዌስት ሴንት ፖል ካለው ቤታችን ስወጣ አክስቴ አልማዝ በር ላይ ያዘችኝ።

«ጣዖት ልትስዪ ነው?»

«ሕፃን ልጅ ነው እኮ፣ አክስቴ።»

«ሰው ፊት አፍሽን የማትከፍቺው ልጅ ኢንተርቪው ልታደርጊ!»

ከሮበርት ስትሪት በባስ፣ ከሴንት ፖል መሀል በባቡር፣ ከሚኒያፖሊስ ደግሞ በሌላ ባስ ሄድኩ። የሚሲሲፒን ወንዝ ሁለት ጊዜ ተሻገርኩ። በረዶው ዳር ዳሩን ቀልጦ ውሃው ያብረቀርቃል። ልቤ ከባቡሩ ይፈጥን ነበር።

አራት ሰዓት ተኩል

የፕሪያ እናት እማማ ሳሮጃ ትኩስ ሳምቡሳ አበሉኝና ምድር ቤት ወረድን። ግድግዳው ሁሉ ልጅ ነው! የዝሆን ራስ ያለው አምላካቸው ጋኔሻ ቦርጩን ገልጦ ጣፋጭ ይዟል፤ ክሪሽና ይድኻል። ወርቁ ስስ ወረቀት ነው፤ ከሥሩ የጠመኔ ዱቄትና ሙጫ ስላለ እንደ ጥልፍ ከፍ ብሏል።

ያላለቀ ሥዕል አመጡ። ሰማያዊው ልጅ ቅቤ የሞላ ማሰሮ ውስጥ እጁን ከቷል። እማማ የጠየቁኝን ፕሪያ ተረጎመችልኝ፦ «ምን እያደረገ ነው? ልጁን ያላየ ሰው መስመሩን አይነካም።»

«እናቱ ስለዘገየችበት ራሱ አናቱን ቅቤ ሊቀባ ነው» አልኩ።

ፕሪያ በሳቅ ፈነዳች። «ኖ! ሰርቆ ሊበላ ነው!»

አለቀልኝ አልኩ። እማማ ግን አልሳቁም። «አናቱን ለምን?»

«እኛ አገር የሕፃን እርግብግቢት እስኪገጥም ቅቤ ይደረግበታል።»

«እኛም ዘይት እንቀባለን» አሉና ብሩሹን ሰጡኝ። ትንፋሼን ይዤ ቅንድቡን አሰመርኩ። ቀጥ አለ! እማማ መነጽራቸውን አድርገው አዩት። «የሚመጣው ቅዳሜ ዓይኑን ትሠሪያለሽ» አሉኝ።

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት

ዝም ብል ኖሮ ባዶ እጄን እመለስ እንደነበር ባሱ ውስጥ ሳስብ መጣሁ። አክስቴ በር ላይ ሁሉንም አስወራችኝ፤ እስክታነባ ሳቀች።

«አፍሽን በከፈትሽ ቀን የሰው አምላክ ቅቤ ልትቀቢ? በይ ቅዳሜ እኔው ድራይቭ አደርግሻለሁ። ይሄን ልጅ ሳላየውማ አልቀርም።»