ለሽማግሌ የማይነሡ ልጆች

የተማሪ ሰርቪስ መንዳት የጀመርኩ ዕለት፣ ወናጎ ላይ አንዲት እናት ልጇን እስከ መኪናው በር ድረስ አመጣችና «አደራ» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ልጅቷን ለረዳቴ ለታደለች አቀብላ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ቤቷ ተመለሰች። እኔ መሪውን እንደያዝኩ ደንግጬ ቀረሁ።

ከዚያ በፊት ብዙ ዓመት ቡና የጫንኩ ሰው ነኝ። ፍስሐ ገነት ላይ ቡና ሲጫን ጆንያው ይመዘናል፣ በገመድ ይጠፈራል፣ ሸራ ይለብሳል። ከዚያ እኔ እፈርማለሁ፣ አስጫኙ ይፈርማል፣ ኬላ ላይ ያለው ደግሞ ወረቀቱን አገላብጦ ያያል። ልጅ ግን በአንድ ቃል ተሰጠኝ። ይህ ነገር እስካሁን ይገርመኛል። ያን ቀን ትምህርት ቤቱ ያለበት ዲላ እስክደርስ አንድም መኪና አልቀደምኩም።

«ጋሼ ተካ፣ ዛሬስ በእግር ብንሄድ ቀድመን እንደርስ ነበር» ብላ ታደለች ሳቀችብኝ።

ታደለች በወናጎና በዲላ መሐል ያለችው የጪጩ ልጅ ናት። ተማሪዎቹን ከበር ተቀብላ የምታስገባ፣ ሲወርዱም እጃቸውን ይዛ አስፋልቱን የምታሻግር እሷ ናት። እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ለልጆች መዝሙር ስለምታስተምር በመንገዱ ላይ የማያውቃት ልጅ የለም። እኔን እንደ አጎት ይቀልዱብኛል፤ እሷን ይፈሯታል።

ለዚህ ሥራ የደረቅ ጭነት መንጃ ፈቃዴ አልበቃም ነበር። ሕዝብ ለመጫን እንደገና ሥልጠና ገባሁ፣ እንደገና ተፈተንኩ። በዚያ ዕድሜዬ ከጎረምሶች ጋር ተቀምጬ የመንገድ ምልክት ስማር ክብሬ ተነክቶ ነበር። መሪ ከያዝኩ ስንት ዘመኔ፣ እነዚህ ናቸው የሚያስተምሩኝ እያልኩ አጉረመርም ነበር። እኔ ቶሎ የምቆጣ ሰው ነኝ። ደግነቱ ቶሎም እደነቃለሁ።

የተግባር ፈታኙ ቁጥብ ሰው ነበር። ቅጥቅጥ አይሱዙ ላይ አስቀመጠኝና ወርዶ በመኪናው ፊት ዞረ። ጥቂት ቆይቶ በመስኮቱ በኩል መጣ።

«ፊትህ ምን አለ?» አለኝ።

«ምንም የለም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ዓይኔ ደኅና ነው፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ውረድና እይ።»

ወረድኩ። ሁለት ቢጫ ጀሪካን ደራርቦ ከፓራውልቱ፣ ከፊተኛው መከላከያ ብረት፣ ፊት አቁሟቸዋል። «የአንደኛ ክፍል ልጅ ከዚህ ብዙም አይበልጥም» አለና ጀሪካኖቹን አንሥቶ ሄደ። እኔ እዚያው ቆሜ የነበሩበትን ቦታ አያለሁ። ስንት ዓመት ስነዳ ከአፍንጫዬ ሥር የማላየው ቦታ እንዳለ አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጅ ካወረድኩ በኋላ ታደለች ፊት ለፊቴ ቆማ እጇን ካላነሣችልኝ ጎማዬ አይንቀሳቀስም።

ሥራውን ከለመድኩ በኋላ አዲስ መመሪያ ወረደልን። የተማሪ ሰርቪስ በወንበሩ ልክ ብቻ ይጭናል፤ እያንዳንዱ ወንበር ቀበቶ ይኖረዋል፤ መኪናው እየሄደ አንድም ልጅ አይቆምም። የመኪናው ባለቤት ሐጂ ነስሩ ዲላ ውስጥ ሱቅ ያላቸው፣ ለመኪና የሚሳሱ ሰው ናቸው። ቅጥቅጡን ጋራዥ አስገብተው ለወንበሩ ሁሉ ቀበቶ አስገጠሙለት። «በል ተካ፣ አንተ ልጆቹን እሰር፤ የቀረውን ለአላህ ተወው» አሉኝ።

ልጆቹ ቀበቶ ማሰሩን በአንድ ጠዋት ተማሩ። ችግሩ መፍታቱንም በዚያው ጠዋት መማራቸው ነው።

በዚህ አገር በወግ ያደገ ልጅ ትልቅ ሰው ሲመጣ ተቀምጦ አይጠብቅም። ብድግ ይላል። ትምህርት ቤቱ በመንገዱ ላይ ለሚኖሩ ሁለት መምህራንና ለዕለቱ ተረኛ ወላጅ ወንበር መድቦ ስለነበር፣ አንዱ በገባ ቁጥር ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ እሰማለሁ። ቀበቶው ሁሉ ተፈትቶ መኪና ሙሉ ልጅ ቆሟል ማለት ነው። «ተቀመጡ፣ ተባረኩ» ይባላሉ። ይቀመጣሉ፤ ቀበቶው ግን ተረስቶ ይቀራል።

ይህስ ቆመን ነው፣ ይሁን። የባሰው እየሄድን የሚያደርጉት ነው። በመስኮት ሽማግሌ ካዩ መኪናው እየበረረም ቢሆን ፈትተው ይነሣሉ፣ ጎንበስ ብለው ሰላም ይላሉ። ከወናጎ እስከ ዲላ ባለው መንገድ ደግሞ ሽማግሌ ጠፍቶ አያውቅም። አንዱ ከእንሰቱ መሐል ብቅ ይላል፣ አንዱ ገበያ ይሄዳል፣ አንዱ ደጁ ላይ ቆሞ መንገድ ያያል። ልጆቹም ይነሣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ይነሣሉ።

በቡናው ዘመን ሳይጠፈር የቀረ አንድ ጆንያ ፍሬን ስይዝ ተወርውሮ የጋቢናዬን የኋላ ብረት ሲያጎብጠው አይቻለሁ። ከእነዚያ ልጆች አንዱ እንዲያ ሲወረወር በሐሳቤ እያየሁ ነበር የምነዳው። እጮኻለሁ፣ እቆጣለሁ። ልጆቹ ተቀምጠው በስፖኪዮ ያዩኛል፤ ፊታቸው ላይ ያለው ፍርሃት አይደለም፣ ማዘን ነው። ባለጌ ሁኑ ያልኳቸው መስሏቸዋል።

ታደለችን አማከርኳት።

«ጋሼ፣ እኔ ራሴ ነኝ እኮ ተነሡ ብዬ ያስተማርኳቸው» አለችኝ። «አሁን ሽማግሌ ሲያልፍ ቁጭ በሉ ብላቸው እናቶቻቸው ምን ይሉኛል? ሥርዓት አጠፋች ነው የሚሉኝ።»

«ከሞቱስ ምን ይሉሻል?»

ክፉ ንግግር ነበር፤ ግን ልቤ ውስጥ ያለው እሱ ነበር።

ከዚያ የተረኛ ወላጅነቱ ተራ ለአቶ በራሶ ደረሰ። አቶ በራሶ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢና የአንዲት ተማሪያችን፣ የምህረት፣ አያት ናቸው። ከዚያ በላይ ግን በሶንጎ፣ ሽማግሌዎች ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው በሚመክሩበትና በሚፈርዱበት ሸንጎ፣ ቃላቸው የሚሰማ ሰው ናቸው። ጪጩ ላይ፣ ጭጋጉ ገና ሳይገለጥ፣ ዲላ ላለች ልጃቸው በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ይዘው ወደ መኪናው ገቡ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። መኪናው ሙሉ ተነሣ።

ሞተር አጠፋሁ። ጭጋግ ነው፣ መንገዱ ርጥብ ነው። ከዚህ በኋላ በዚህ ሁኔታ አልነዳም ብዬ ቆረጥኩ።

«መኪናው ታመመ እንዴ?» አሉኝ። አማርኛቸው የጌዴኦኛ ዜማ አለው።

«አልታመመም፣ አባባ። ልጆቹ ካልተቀመጡና ካልታሰሩ አልሄድም።»

«ለእኔ ነው እኮ የተነሣው ልጁ። ሽማግሌ አይቶ የተቀመጠ ልጅ፣ እሱ ምን ሊሆን ነው?»

ታደለች ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ግን አንዴ ጀምሬዋለሁ። «አባባ፣ ፍሬን ስይዝ የሚቆመው መኪናው ብቻ ነው። ውስጡ ያለው ያልታሰረ ነገር አይቆምም፤ ወደ ፊት ይሄዳል። እኔ ጆንያ ሲሄድ አይቻለሁ።»

ልጆቹ እንደቆሙ ናቸው። ሽማግሌው ተቆጥተው ይወርዳሉ፣ ነገ ሥራ የለኝም ብዬ ጠበቅኩ።

«አሳየኝ» አሉ።

ለልጆቹ በጌዴኦኛ አንድ ነገር ሲነግሯቸው ሁሉም ተቀምጠው ታሰሩ። እሳቸውም ተቀምጠው ታሰሩ። ከዚያ ያንን የቆጮ ጥቅል በመተላለፊያው መሐል አቆሙት። ቁመቱ ከትንሾቹ ልጆች ትከሻ ብዙ አያንስም። መንገዱ ቀጥ ያለበት፣ ሰው የሌለበት ቦታ ደረስኩና ባጃጅ እንኳ በምትቀድመኝ ፍጥነት እየሄድኩ ፍሬን ያዝኩ።

ጥቅሉ በመተላለፊያው ተወርውሮ መጥቶ አጠገቤ ካለው የሞተር ክዳን ጋር ተላተመ። ቅጠሉ ተተርትሮ ቆጮው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ወዲያው ግን ሳቁ ቆመ፤ ምክንያቱም ሽማግሌው አልሳቁም። ቀበቷቸውን ፈትተው መጥተው የተበተነውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«የልጅ ልጄ ምህረት ነው ይሄ» አሉ ቀስ ብለው።

በዚያው ሳምንት ነገሩን ወደ ሶንጎ ወሰዱት። እኔ እዚያ አልነበርኩም፤ የነገረችኝ ታደለች ናት። ሽማግሌዎቹ ሲከራከሩ ውለዋል። አንዳንዶቹ ዛሬ በመኪና ያልተነሣ ልጅ ነገ በቤትም አይነሣም ብለው ፈርተዋል። በመጨረሻ ግን ተስማሙ። ቃሉም በቤተ ክርስቲያን ከስብከት በኋላ ተነገረ፣ በጪጩ ገበያም ተነገረ። በሰርቪስ ውስጥ ያለ ልጅ ሽማግሌ ሲያይ ቀበቶውን በእጁ ይዞ አንገቱን ዝቅ ያድርግ፤ ያ ክብራችን ነው፣ ይበቃናል። ልጅ ተቀመጠብኝ ብሎ የሚቀየም ሽማግሌ አይኑር።

እኔ በዘመኔ ብዙ ደንብ ሲወጣ አይቻለሁ። ሲጣስም አይቻለሁ፤ አንዳንዱን ራሴ ጥሼዋለሁ። የተከበሩበትን ልማድ ባለቤቶቹ ራሳቸው ለልጅ ብለው ሲያላሉ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። በማግሥቱ አንዱ መምህር ሲገባ ጠቅ የሚል ድምፅ አልሰማሁም። በስፖኪዮ ሳይ ትንንሽ እጆች ሁሉ ቀበቷቸውን ይዘዋል፣ አንገቶች ሁሉ ጎንበስ ብለዋል። መኪናው ውስጥ የጸሎት ጸጥታ ነበር። ስሜቴን ለመደበቅ ያለ ምክንያት ክላክስ ነካሁ።

ከዚያ ወራት ካለፉ በኋላ ይመስለኛል፣ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን እየመለስኩ ነው። ከጪጩ በፊት ባለው ቁልቁለት የቀብር መልስ ሽማግሌዎች በመንገዱ ዳር ተሰልፈው ይመጣሉ። ብዙ ነበሩ። በፊት ቢሆን መኪናው ሙሉ ልጅ ብድግ የሚልበት ሰዓት ነው። ዓይኔ ሳላዘው ወደ ስፖኪዮው ሄደ። ሁሉም ተቀምጠዋል፣ እጃቸው ቀበቶው ላይ ነው።

ዓይኔን ወደ መንገዱ ስመልስ አንድ ባጃጅ ከቡናው መሐል ካለው መንገድ ወጣ፤ ሽማግሌዎቹን ላለመንካት ተጠምዝዞ ቀጥታ ወደ እኔ መስመር ገባ።

ባለኝ ኃይል ፍሬኑን ረገጥኩ። ጎማው ጮኸ። ቦርሳ፣ ደብተር፣ የምሳ ዕቃ ከኋላ ተወርውሮ መጣ፤ አንዱ ጆሮዬን ጭሮ አልፎ መስታወቱን መታ። መኪናው ቆመ። ባጃጁ ከፊቴ የለም፤ ለጥቂት አምልጦ ቦይ ውስጥ ገብቷል። ሹፌሩም በእግሩ ወጣ።

ወደ ኋላ መዞር አቃተኝ። እውነቴን ነው፣ አንገቴ እምቢ አለኝ። መሪውን ይዤ ፊት ለፊት እያየሁ «ታደለች» አልኩ።

«ሁሉም ወንበሩ ላይ ነው፣ ጋሼ» አለችኝ። «ዙር፤ ሁሉም ወንበሩ ላይ ነው።»

ዞርኩ። አንዳንዶቹ ያለቅሳሉ፣ ምህረት በአፍንጫዋ ትንፋሽ ትስባለች፣ የአንዱን አንገት የቀበቶው ጠርዝ አቅልቶታል። ግን አሉ። አንድም ከቦታው የተነሣ የለም። ያኔ እኔም አለቀስኩ፤ በልጆች ፊት ማልቀሴ ምንም አልመሰለኝም።

ውጭ ሽማግሌዎቹ ደንግጠው እመንገዱ ዳር ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። ከመሐላቸው አቶ በራሶ ተነሥተው መጡ። በሩን ከፍቼላቸው ገቡ። ልጆቹ እያለቀሱም ቀበቷቸውን ይዘው አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ። እሳቸው በመተላለፊያው እስከ መጨረሻው ወንበር ሄደው የእያንዳንዱን ልጅ ራስ ነኩ። ምህረት ጋ ሲደርሱም ከሌላው አላስበለጧትም። ከዚያ ወረዱ።

ጓደኞቻቸው ፊት ቆመው በጌዴኦኛ አጭር ነገር ተናገሩ። የተቀመጡት ሽማግሌዎች አንድ በአንድ፣ በከዘራቸው ተደግፈው፣ እርስ በርስ እየተረዳዱ ተነሡ። ባርኔጣ ያለው ባርኔጣውን አወለቀ።

«ምን አሏቸው?» አልኩ ታደለችን።

«ለልጆቹ ተነሡ ነው ያሏቸው።»

ማርሽ አስገብቼ በቀስታ አለፍኩ። እስክናልፍ ድረስ አልተቀመጡም።

ወጣት ሹፌሮች ዛሬም ልጆች ደንብ አልሰማ አሉን እያሉ ይመጡብኛል። የምነግራቸው አንድ ነገር ነው። ደንቡን ለልጆቹ ከመንገራችሁ በፊት፣ ልጆቹ ለሚነሡላቸው ሰዎች ንገሩ።