በድረዲን ያልነዳት ቀን

ናኢማ አሜሪካ አገር፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የተማሪ ባስ መንዳት ከጀመረች አሥራ አራት ዓመት ሆኗት ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን ማንንም ቀድማ አታውቅም። የባቡር ሐዲድ ጋ ስትደርስ ትቆማለች፣ በሩን ትከፍታለች፣ ታዳምጣለች፤ ከዚያ ነው የምታልፈው። ሥራ ስትጨርስ ደግሞ እስከ መጨረሻው ወንበር ሄዳ፣ ተኝቶ የቀረ ልጅ እንዳለ አይታ ነው የምትወርደው። ሥራው ይኸው ነው።

ባሏ በድረዲን ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ ባለ አምስት ፎቅ ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና ሲያቆም ሃያ ሁለት ዓመት ኖረ። ስንት ዓይነት መኪና በእጁ አለፈ መሰላችሁ! ግን ፎቅ ውስጥ የት ይደረስበታል? ሲዞር፣ ሲወጣ፣ ሲወርድ ውሎ ላንድማርክ ሰፈር ወደሚገኘው አፓርታማቸው ይገባል። ልጅ አልሰጣቸውም። ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

እና በፈረንጆቹ 2009፣ ከፓርኪንጉ ደንበኞች አንዱ ወደ ሌላ ስቴት ሙቭ ሲያደርግ መኪናውን ለበድረዲን ለቀቀለት። ጥቁር ማስታንግ ነው፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር። ሲነሳ የሦስተኛ ፎቅ መስኮት ያንቀጠቅጣል። ናኢማ መስኮቱ ሲንቀጠቀጥባት ወርዳ አየችው።

«ይሄ ምንድነው?» አለችው።

«መኪና ነዋ።»

«ኋላው ሰው አያስቀምጥ፣ አንድ ጆንያ ሽንኩርት በወጉ አይዝ። በስተርጅና ምን ይሁንህ ብለህ ነው?»

«ሽንኩርት እንዳትጭኚብኝ ብዬ አይደል የመረጥኩት» አለና ሳቀ።

በዓመቱ ደግሞ ትራክ የሚሉት ነገር መጣ። ከፌርፋክስ አልፎ፣ ወደ ተራራው ሁለት ሰዓት ያህል ተነድቶ የሚደረስበት የመኪና መሮጫ አለ። አንድ ክለብ ከበጋው ጀምሮ ብርዱ እስኪገባ ድረስ አልፎ አልፎ ቅዳሜ ይከራየዋል። ውድድር አይደለም፣ ዋንጫ የለም፣ ሰዓት የሚይዝም የለም። ሰው የየራሱን መኪና ይዞ ሄዶ፣ መንገድ ላይ የማይችለውን ያህል ይነዳበታል። ለጀማሪ አስተማሪ ጎኑ ይቀመጥለታል።

«ነድተህ ነድተህ የት ትደርሳለህ?» አለችው።

«የተነሳሁበት።»

«ታዲያ ይሄማ ያው ፓርኪንጉ አይደል እንዴ?»

በድረዲን እዚያ ሲሄድ አራት በጋ አለፈ። በሄደ ቁጥር ይለምናት ነበር። «ምሳ ሰዓት ላይ ቤተሰብ ጎን ተቀምጦ በዝግታ የሚዞርበት ጊዜ አላቸው። ነይና አንድ ጊዜ ጎኔ ተቀመጪ» ይላታል። እሷም «በሚቀጥለው፣ ኢንሻአላህ» ትለዋለች። አንዱ ቅዳሜ ስፕሪንግፊልድ ኒካህ ነበር፤ አንዱ ቅዳሜ ትርፍ ሰዓት ሥራ ነበር፤ አንዱ ቅዳሜ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የልብስ ማጠቢያ ቀኗ ነበር። ማስታንጉ ውስጥ አልፎ አልፎ ስትገባ የቀኙ ወንበር ወደ ኋላ እስከ ጥግ ተገፍቶ ታገኘዋለች። ስባ ወደ ፊት ታመጣዋለች፤ በሚቀጥለው ደግሞ ተመልሶ እዚያው ነው። ማን ይሆን እንዲህ ረጅሙ ሰው ብላ አንድ ቀን አስባ ነበር። አልጠየቀችም።

በታኅሣሥ 2013 በድረዲን ሥራ ቦታው ላይ ደረቱን ይዞ ተቀመጠ፤ በዚያው ቀረ።

ናኢማ አላለቀሰችም። ሴቶቹ መጥተው ሲያለቅሱ መሐላቸው ተቀምጣ አየቻቸው። ታናሽ እህቷ ዓይሻ ክንዷን ይዛ፣ «እቴ፣ ትንሽ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» አለቻት። ምኑ ነው የሚወጣው? ውስጧ ምንም አልነበረም። ኢዳዋን፣ አራት ወር ከአሥር ቀን፣ ቤቷ ተቀምጣ ፈጸመች፤ ከዚያ ወደ ባሷ ተመለሰች። ምግቡ ጨው ይኑረው አይኑረው አይታወቃትም። ዓይሻ አንድ ቀን ጨው ረስታ አቅርባላት፣ ዝም ብላ በላች። የደነዘዘ እግር ቢረገጥ እንደማይሰማው፣ ቀኖቹም እንደዚያ ነበሩ።

መኪናውን ደሳለኝ ሊወስደው ተስማሙ። ደሳለኝ ከበድረዲን ጋር ፓርኪንግ ይሠራ የነበረ፣ እሱን አይቶ ትንሽ ቀይ መኪና ገዝቶ ትራክ የለመደ፣ ሰው አክባሪ ሰው ነው። ሊወስደው የተቀጠረው በሰኔ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ በመጀመሪያው ሰኞ ነበር። ከዚያ በፊት ባለው ሮብ ቀን መጥቶ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ ናኢማ፣ ጋሼ በድረዲን ያልነዷት አንዲት ቀን ቀርታቸዋለች» አላት።

«ምን ማለት ነው?»

«ከፍለውባት ኅዳር ላይ ጭጋግ ሆኖ የተሰረዘች ናት። ክለቡን ኮል አድርጌ ነበር፤ ለቤተሰብ ትሆናለች አሉኝ። የፊታችን ቅዳሜ ነው። እኔስ እንዲያው እንዲያውቁት ብዬ ነው እንጂ…»

ናኢማ ቀኑን ቆጠረች። ሰኞ መኪናው ይሄዳል። አራት በጋ ሙሉ ያ ሰው ምን ፍለጋ እንደሚሄድ አታውቅም፤ መኪናው ከሄደ ደግሞ የምታውቅበት መንገድ አይኖርም። ሌላ የፈለገችው ነገር አልነበረም። ይህንን ግን ፈለገች።

«እኔ እነዳታለሁ» አለች።

ዓይሻ ከማድ ቤት ብቅ አለች። «አብደሻል?»

«አላበድኩም። ባብድማ ይሻል ነበር።»

ቅዳሜ ጠዋት፣ ናኢማ በማስታንጉ ከፊት፣ ደሳለኝ በቀዩ መኪና ከኋላ ሆነው ሄዱ። እዚያ ሲደርሱ መኪና ውስጥ ያለ ተንቀሳቃሽ ነገር ሁሉ ይውጣ ተባለ፤ ሲታጠፉ እንዳይወረወር። ናኢማ ከመሳቢያው የበድረዲንን የዚክር መቁጠሪያ ሙስበሃ፣ ግማሽ ማስቲካና የሥራ ጓንቱን አወጣች። ፌስታል ውስጥ ከታ ሣሩ ላይ አስቀመጠችው። እጇ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ነበር።

ከዚያ አዳራሽ ውስጥ ትምህርት ሆነ። ቢጫ ባንዲራ ተጠንቀቅ፣ ቀይ ቁም፣ ጥቁር ደግሞ ወጥተህ ና ነው አሉ። ከኋላ ፈጣን ሰው ከመጣ፣ ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ስትደርስ እጅህን በመስኮት አውጥተህ በየት በኩል እንዲያልፍ በጣትህ ታሳየዋለህ። ሳታሳየው ማለፍ ክልክል ነው። ናኢማ ይህንን ወደደችው፤ ፈረንጅ ሲያስፈቅድ አይታ አታውቅም ነበርና።

አስተማሪዋ ዋልተር የሚባል፣ ጡረታ የወጣ ረጅም ሽማግሌ ነበር። ማስታንጉን ሲያይ ቆም አለ። «ይህን መኪና አውቀዋለሁ» አለ። የቀኙን በር ከፍቶ ሲገባ ወንበሩን አልነካካውም። ወንበሩ ወደ ኋላ እስከ ጥግ ተገፍቷል፤ እግሮቹ ልክ ገቡ። ናኢማ አየች። ረጅሙ ሰው ይሄ ነው።

ሻርፗ ላይ ሰፊ ሄልሜት ደፍታ፣ «ቢስሚላሂ» ብላ ወጣች።

መኪናው ኃይል አለው። ትንሽ ስትረግጠው ጀርባን ወደ ወንበሩ ይለጥፋል። እሷ ግን ምንም አልተሰማትም። የተማሪ ባስ እንደምትነዳው ነዳችው። ከኋላ ሰው በመጣ ቁጥር እጇን በመስኮት አውጥታ መዳፏን ወደ ላይ ዘርግታ፣ እንግዳ ወደ ማዕድ እንደሚጋበዝ አድርጋ ታሳልፋለች።

«በጣትሽ» አላት ዋልተር በጆሮ ማዳመጫው።

«በሰው ላይ ጣት አይቀሰርም» አለች።

ዘጠኝ መኪና አሳለፈች። መቀደም ለእሷ ምንም አይደለም። አሥረኛው የደሳለኝ ቀይ መኪና ሆነ። ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ሲደርሱ መዳፏን ዘረጋችለት። አላለፈም። በመስታወት ብታየው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሏል። እሷም ይለፍ ብላ ፍጥነት ቀነሰች፤ እሱም ቀነሰ። ደግማ ዘረጋችለት፤ ደግሞ ጎንበስ አለ። ይህን ጊዜ ከኋላቸው የመኪና ሰልፍ ቆሟል።

«ለምንድነው የማያልፈው?» አለ ዋልተር።

«አያልፍም።»

«ለምን?»

«ባለጌ አይደለማ።»

እንዲህ እንዲህ ሲባባሉ፣ ሰው ሁሉ ሊሮጥበት የመጣበት ሜዳ ላይ ሁለቱም ከናካቴው ቆሙ። ጥቁር ባንዲራ ተውለበለበባቸው።

ሲወጡ የክለቡ ኃላፊ ሴትዮ ወረቀቷን ይዛ ጠበቀቻቸው። «የተበላሸ ነገር አለ?» አለቻቸው። የለም አሉ። «ታዲያ ለምን ቆማችሁ?»

«ቅደም አሉኝ» አለ ደሳለኝ።

«ካሉህ ማለፍ ነው እኮ። ፈቀዱልህ።»

«ፈቃዱማ ገብቶኛል። እኔ ግን የጋሼን ባለቤት፣ ያውም ስድስት ወር በቅጡ ሳይሞላቸው፣ ፊታቸውን ቆርጬ ላልፍ ነው? አላደርገውም።»

ሴትዮዋ ወደ ዋልተር ዞረች። ዋልተር ግን ሄልሜቱን አውልቆ ይስቅ ነበር። «እነዚሁ ሁለት መኪኖች ከሦስት ዓመት በፊት እዚያው ቦታ ላይ ቆመው ነበር። ያኔ ከፊት የነበረው በድረዲን ነው። ከዚያ ወዲህ እኮ ሁለቱን በየተራ ነበር ወደ ሜዳው የምናስገባቸው። ዛሬ ዝርዝሩ ላይ ስሙ ሲቀየር ረሳነው» አለ።

ደሳለኝ አፈረ። «ጋሼም ያን ቀን ካላለፍክ አልሄድም ብለው እንቢ አሉ» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

ምሳ ሰዓት ሆነ። ናኢማ ከመኪናው ጀርባ ዙሁር ሰግዳ ስትጨርስ፣ ዋልተር ሳንድዊቹን ይዞ ሣሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሰዎቹ ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ጎን ጎናቸው አስቀምጠው በዝግታ እየዞሩ ነው። እሷም ተቀመጠች።

«ባሌ ፈጣን ነበር?» አለችው።

«መጀመሪያ አልነበረም። ሁለተኛው ዓመት ላይ ግን ጥሩ ሆነ። ወደሚቀጥለው ክፍል እለፍ አልነው። ሁለት ጊዜ አልነው፤ እንቢ አለ። አራት ዓመት ከጀማሪ ጋር ተቀመጠ።»

«ለምን?»

«የሚቀጥለው ክፍል ውስጥ አስተማሪ ጎን አይቀመጥም፤ ብቻህን ነህ። ‹እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ውስጥ ብቻዬን ነው የተቀመጥኩት፤ እዚህ ግን ጎኔ ሰው አለ› አለኝ።»

ናኢማ የማስታንጉን የቀኝ ወንበር አየች።

«ብዙም አናወራም ነበር» አለ ዋልተር። «አንድ ነገር ግን ነበረው። ወደ ሜዳው ከመግባቱ በፊት መኪናውን ያቆማል፣ መስኮቱን ያወርዳል፣ ያዳምጣል። ምን ትሰማለህ ብለው፣ ‹ምንም። ሚስቴ እንዲህ ነው የምታደርገው› አለኝ።»

ሰማችው። አንድ ነገር ይመጣል ብላ ጠበቀች። አልመጣም። ሰዎቹ ቤተሰባቸውን ይዘው ሲዞሩ እስኪጨርሱ ድረስ አየቻቸው።

ከዚያ «የከሰዓቱን አንተ ንዳ፤ እኔ ጎን ልቀመጥ» አለችው።

«ቀኑ እኮ የአንቺ ነው።»

«የእሱ ነው» አለች።

ዋልተር ቁልፉን ተቀበላት። የቀኙ ወንበር ላይ ገባች። እስከ ጥግ የተገፋ ስለሆነ እግሯ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ቀረ፤ እንደ ልማዷ ስባ ወደ ፊት አላመጣችውም። ሜዳው መግቢያ ላይ ሲደርሱ «ቁም» አለችው፤ ቆመ። መስኮቱን አውርዳ አዳመጠች። የሞተሩ ድምፅ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ነፋስ።

«ሂድ» አለችው።

ሄደ። ዛፉም አጥሩም ባንዲራ የያዘው ሰውዬም በጎን በኩል እየተንሸራተቱ አለፉ። በታጠፈ ቁጥር ትከሻዋ በሩን ይገፋል፣ ተመልሶ ይመጣል። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። አንዴ ደሳለኝ ላይ ደረሱበት፤ እሱም መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ አሳለፋቸው። ዋልተር ያለ አንዳች ይሉኝታ አለፈው። የተሰጣቸው ሃያ ደቂቃ አለቀ። መኪናው ሲቆም ናኢማ እንደ ልማዷ ዞራ የኋላውን ወንበር አየች። ማንም አልነበረም።

ሰኞ ደሳለኝ መኪናውን ሊወስድ መጣ። ገብቶ መስታወቱን አስተካከለ፣ ከዚያ እጁን ወደ ቀኙ ወንበር ሰደደ። «ይሄ ደግሞ እንዴት ወደ ኋላ ሄዷል፤ ላምጣው» አለ።

«ተወው» አለችው። «እንዳለ ይሁን። ሰው ይቀመጥበታል።»

ሲነሳ ከላይ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ተወ።

ማታ ዓይሻ እራት አቀረበች። «ያን ሁሉ መንገድ ሄደሽ፣ ታዲያ እዚያ ምን አገኘሽ?» አለቻት።

«ወንበር» አለች ናኢማ።

«የምን ወንበር?»

ናኢማ አንድ ጉርሻ ጎረሰች፣ አኘከች፣ ቆየችና፣

«ዓይሻ፣ ይሄ ወጥ ጨው አንሶታል» አለች።