የነጯ ጥጃ ተራ

ሥነ ሕይወት አስተምራለሁ። ክፍል ውስጥ የሚከራከረኝ ስለሌለ፣ ቤትም እንደዚያው ይመስለኛል።

አማቴ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ላም አለቻቸው፤ ቀይና ነጭ ፀጉር ከራስ እስከ ጅራቷ ስለተሰባጠረባት ስብጥር እንላታለን። የጎረቤት ኮርማም እንደሷው ስብጥር ነው። ከእሱ መጀመሪያ ቀይ ጥጃ ወለደች፤ ከዚያ ሁለት ጊዜ ስብጥር። ዳግመኛ ስታረግዝ አማቴ፣ “ጥጃው መልኩን ቀድሞ ላወቀው አማቼ ነው” አሉ።

አማቾቻቸው ሁለት ነን፤ እኔና የባለቤቴ እህት ባል። እሱ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከመንገድ ሲመለስ እጁ ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ እኔ ይዤ የምገባው የፈተና ወረቀት ነው። በዚያ ቤት አንድ ቀን እንኳ አንደኛ መውጣት አማረኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ሁለቱም ደርሰውብኛል።

“ነጭ ነው” አልኩ፣ ማንም ሳይቀድመኝ።

“በምን አወቅህ?” አሉ አማቴ።

“ቀዩና ነጩ እኩል ጉልበት አላቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሸፍንም። ሁለት ስብጥሮች አራት ቢወልዱ አንዱ ቀይ፣ ሁለቱ ስብጥር፣ አንዱ ነጭ ነው። ሌሎቹ መጥተዋል፤ አሁን የነጩ ተራ ነው።”

“እኔ እንግዲህ ስብጥር ልበላ፣ መምህሬ” አለ ሾፌሩ።

“የዋህ ነህ” አልኩት።

ላሟ ስታምጥ ሾፌሩ መንገድ ላይ ነበር። ጥጃዋን ጎትቼ ያወጣኋት እኔ ነኝ። ደም መስሎኝ በጨርቅ አሸኋት፤ ቀዩ ፀጉር ከነጩ መሃል አልለቅ አለ። ደግሜ አሸሁ።

“ተዋት ልጄ፣ ቆዳዋን ልትገፍ ነው እንዴ?” አሉ አማቴ ከበሩ ላይ። ቀጥለውም፣ “የሚመጣውስ ነጭ ነው ማለት ነው?”

“አይደለም። ዕድሉ ሁልጊዜ ከአራት አንድ ነው። ላሟ ያለፈውን አትቆጥርም።”

“ይህን ታውቅ ነበር?”

“በየዓመቱ አስተምረዋለሁ።”

አማቴ ጥጃዋን ወደ እናቷ ጡት ገፋ አደረጓት። “ተማሪዎችህ አሳዘኑኝ” አሉ።

ጥጃዋ የሾፌሩ ሆነች። እሱ ግን መንገድ ውሎ መንገድ ያድራል፤ ሣር የማጭድላት፣ በረቷን የምጠርገው እኔ ነኝ። አልፎ አልፎ ይደውላል።

“ልጄ እንዴት ናት?”

“ደህና ናት። ዛሬ ረገጠችኝ።”

“ምን አድርገሃት ነው?” ይለኛል።