ከእጄ የበላችው ቀይ ጎመን

ጆሃንስበርግ መጥቶ የዴንማርክን ምግብ በወጉ መቅመስ ለሚፈልግ እንግዳ ብዙ ምርጫ የለም። እኔ የማውቀው አንድ ቤት ነው፤ አሥራ አራት ዓመት ያበሰልኩበት። ከከተማው በስተሰሜን፣ የጃካራንዳ ዛፍ ያለበት ግቢ ውስጥ፣ በረንዳው ላይ ስድስት ጠረጴዛ። ቅቤ የተቀባ ጥቁር የአጃ ዳቦ ላይ በአቼቶ የተዘፈዘፈ ዓሣ ይደረደራል፤ በቢላና በሹካ ይበላል እንጂ በእጅ አይነሳም። እሑድ ደግሞ ቆዳው እስኪንኮሻኮሽ የተጠበሰ አሳማ ከቀይ ጥቅል ጎመን ጋር ይቀርባል። ጎመኑን ለብቻው ያየ ሰው የጾም ነው ይላል። አይደለም። መጀመሪያ በአሳማ ስብ ይቁላላል፤ ከዚያ ነው አቼቶና ስኳር ገብቶበት ሁለት ሰዓት የሚንተከተከው።

ጀፕ የሚባለው ሰፈር እኔ በምኖርበት ሕንፃ፣ ከእኔ አንድ ፎቅ ከፍ ብላ የሐበሻ ሴቶች የጽዋ ማኅበራችን ሰብሳቢ ትኖራለች። ከዓመታት በፊት ተራዬ ደርሶ ሽሮና ምስር ሠርቼ ሳቀርብ፣ ሁሉም እየሰማ ሳህኗን ገፋ አድርጋ፣ «እኔ አሳማ ሲያገላብጥ ከሚውል እጅ አልበላም» አለች።

«ኧረ በፈረንጅ ሳሙና ታጥባ ይሆናል!» አለች አንዷ። ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ተራዬ ሲደርስ ዳቦና ለስላሳ ከሱቅ ገዝቼ እንዳመጣ ተወሰነ። ከከተማው ወጣ ብሎ ጻካኔ የሚባል ሰፈር ያለው የባሏ ሱቅ የአሳማ ሥጋ በቆርቆሮ ይሸጥ ነበር። እሱን ማንም አላነሳም።

ኮሮና የገባ ዓመት፣ በሰኔ ጾም፣ ምግብ ቤታችን የሚወሰድ ምግብ ብቻ እየሸጠ ሳለ ሰብሳቢዋ ታመመች። ባሏ እንዳይዘው ብሎ ሱቁ ቀረ፤ ልጆቿ ሩቅ ናቸው። አንድ ቀን ደወለችልኝ። ድምፅዋ አልቋል።

«እህቴ፣ ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም። የጾም ነገር ካለሽ…»

ቤቴ ምስርም ዘይትም ነበር። ከሥራ ያመጣሁት ቀይ ጎመንም በፕላስቲክ ዕቃ ተቀምጧል። ደክሞኝ ነው፣ ረስቼው ነው ብል ማን ያውቅብኛል? ግን አልረሳሁም። ክዳኑን ከፍቼ አየሁት። ስቡ ረግቶ ጠርዙ ላይ ነጭ ሆኗል። እስኪቀልጥ አሞቅኩት። በሯ ላይ አስቀምጬ አንኳኳሁና ደረጃው ጋ ቆሜ እጇ ወጥቶ ሲያስገባው አየሁ።

በማግስቱ ደወለች። «አፌ የተከፈተው በአንቺ ጎመን ነው! ጣዕም የሚባል ጠፍቶብኝ ነበር እኮ። እጅሽ ይባረክ።»

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ሁለት ቀን ጨመርኩላት። ደስ እያለኝ።

ዳነች። ደስታዬ ግን እርሷ ከመዳኗ በፊት አልቆ ነበር። ለንስሐ አባቴ በስልክ፣ «ለሰው በሰጠሁት የጾም ምግብ ውስጥ ሳላውቅ ቅባት ገባብኝ» አልኳቸው። «ሳላውቅ» ያልኩት ለእግዚአብሔር ጭምር ነው።

ክልከላው ሲላላ ከአዲስ አበባ እንግዶች መጡባት። በፍስኩ ሰሞን ነው። «ያንን ጎመን እንዲቀምሱ አንቺ የምትሠሪበት ቤት ውሰጅን» አለችኝ። ቤቱ ተዘግቷል አልኳት። አልተዘጋም። እዚያ ብትሄድ አሠሪዬ ከየጠረጴዛው እየዞረች ጎመኑ በምን እንደሚሠራ ለእንግዳ ሁሉ ታስረዳለች።

«እንግዲያው እኔ ቤት መጥተሽ ሥሪልና!»

ሄድኩ። በዘይት ሠራሁት። የማኅበሩ ሴቶችም ተጠርተዋል፤ ያኔ ስለ ሳሙና የተናገረችዋም ተቀምጣለች። ሰብሳቢዋ ቀመሰችና አኘከች፣ አኘከችና ፊቷን ቅጭም አደረገች።

«አይደለም። አንድ ነገር ጎድሎታል። ያኔ ምን ነበር የጨመርሽበት?»

«ስኳር ይሆናል» አልኩ።

«ስኳርማ አለው። አንቺ፣ ደብቀሽናል!» ሳቀች። ወደ ሴቶቹ ዞራ፣ «በዚያ ክፉ ቀን ያተረፈኝ የዚህች እጅ ነው። ከእንግዲህ ከእርሷ እጅ አልበላም የሚል ከእኔ ጋር ነው ጸቡ» አለች።

ይህን ቃል ስንት ዓመት ጠብቄው ነበር። ሁሉም ያዩኛል። ልናገር አፌን ስከፍት በእንጀራ ጠቅልላ የያዘችውን ጎመን በትልቁ አጎረሰችኝ፤ አፌ ሞላ፣ እነርሱም እልል አሉ።