በእጄ የጻፍኩት እርቅ

ቅዳሜ፣ ከደሴ እስከ ሐይቅ

ከደሴ የተነሣሁት በግንቦት ወር፣ በማለዳው አውቶቡስ ነው። የጉዞዬ ምክንያት ከታላቅ እህቴ ከከድጃ የመጣ መልእክት ነበር። ከድጃ ያገባችው በአምባሰል ግርጌ ባለች «ላይ አምባ» በምትባል መንደር ነው። በአንድ የዓሣ ነጋዴ በኩል የላከችብኝ ቃል አጭር ነበር፦ «ሰኞ ወንዶቹ ድንጋይ ተሸክመው ይወርዳሉ። ዘንድሮ በሰላም የሚመለሱ አይመስለኝም። ውሉን የጻፍከው አንተ ነህ፤ ድረስ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ላይ አምባና ከእሷ በታች ያለችው ታች ሜዳ በአንድ ምንጭና በዙሪያው ባለው መስክ ተጣሉ። ከላይ አምባ ሁለት፣ ከታች ሜዳ አንድ ሰው ሞተ። ታች ሜዳዎች በሰውም በጠመንጃም ስለሚበልጡ መስኩን ያዙ። በኋላ አበጋሮቹ፣ ማለትም በወሎ ደም የሚያደርቁት ሽማግሌዎች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ተቀምጠው አስታረቋቸው። እኔ የሃያ ሦስት ዓመት ጀማሪ የታሪክ አስተማሪ ነበርኩ። እጅ ጽሑፉ ያምራል ተብዬ ውሉን እንድጽፍ ተጠራሁ፤ ኮራሁም።

ውሉ ከባድ ነበር። የላይ አምባ ሰው ከምንጩ አይቀዳም፤ ከብቱም አይወርድም። የላይ አምባ ሰው ሐይቅ ገበያ ሲሄድ በታች ሜዳ አያቋርጥም፤ ዞሮ ይሄዳል። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የላይ አምባ ነው። ዓመት በዞረ ቁጥር ወንዶቹ ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው መስኩ ድረስ እየወረዱ ይቅርታ ይጠይቃሉ። የገበሬ ማኅበሩም ማኅተሙን አሳረፈበት።

ጢጣን አልፈን ቦሩ ሜዳ ስንደርስ ኬላ ላይ አስወረዱን። ከቀበሌ ያወጣሁትን የይለፍ ወረቀት አንዱ ጥበቃ አገላብጦ አየው።

«የጉዞህ ምክንያት?»

«እህቴን ልጠይቅ።»

«አሟታል?»

«ደህና ናት» አልኩ። መልሱ ለራሴም ውሸት መሰለኝ። ወረቀቱን መለሰልኝ።

አውቶቡሱ ዳገቱን ሲያቃስት ያለፈው ሳምንት ክፍለ ጊዜ ትዝ አለኝ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሸነፈችው ጀርመን ቬርሳይ ላይ ምን እንድትፈርም እንደተገደደች አስተምር ነበር፦ መሬቷን እንደለቀቀች፣ ሠራዊቷ እንደተቀነሰ፣ የጦርነቱን ጥፋት እንድትቀበል መደረጉን። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣችና «መምህር፣ ያልተዋጉት ሰዎችስ ምን ሆኑ? ሴቶቹ፣ ሕፃናቱ?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ረኀቡና ዋጋ ስላጣው ገንዘባቸው፣ ቂም ይዘው ስላደጉት ልጆች ነገርኳት። ደወል ሲደወል ከሰሌዳው ፊት ቆሜ ቀረሁ። ለእህቴ መንደር ይህን ጥያቄ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም ነበር። የነጋዴው መልእክት የደረሰኝ በማግስቱ ነው።

ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ላይ አምባ

ሐይቅ ከተማ ወርጄ የተጠበሰ ዓሣ በእንጀራ በላሁ። ከውሃው ዳር ነፋስ ቢመጣም ሰማዩ ደመና የለበትም። ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ዝናቡ መራቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው በእግር ነው። የላይ አምባ ዘመድ በመሆኔ በታች ሜዳ ማቋረጥ አልደፈርኩም፤ እነሱ በሚሄዱበት ዞርኩ። በውሉ ላይ «ዞሮ ይሄዳል» ስል የጻፍኳት ሁለት ቃል ናት። መንገዷ ግን ሦስት ሰዓት ያህል ወሰደችብኝ። ጠጠር የበዛባት ቁልቁለትና ዳገት ናት፤ በደረቀ ወንዝ ውስጥም ታልፋለች። መንገድ ላይ አንዲት እርጉዝ ሴት እንስራዋን ከጀርባዋ አውርዳ ተቀምጣ አገኘሁ።

«ውሃው ሩቅ ነው?» አልኳት።

«ጠዋት የወጣሁ ነኝ» አለችኝ።

ምንጩ ከተቀመጠችበት ቁልቁል ይታያል። ዙሪያው አረንጓዴ ነው።

ከድጃ ግቢዋ በር ላይ ጠበቀችኝ። ከስታለች። ተቃቅፈን ስናበቃ ዓይኔ በረቱን ፈለገ። ዘጠኝ ከብት የነበረበት በረት ሁለት ላም ቀርተውታል፤ የጎድን አጥንታቸው ይቆጠራል።

«ሌሎቹስ?»

«ግማሹ ተሸጠ፤ ግማሹ ሞተ። አብሽር፣ እኛ አለን» አለችኝ።

ባሏ አያ ይማም ጎበዝ አራሽ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበር። አሁን አንገቱን ደፍቶ ነው የሚናገረው። ከታች ሜዳ የላይ አምባን ልጅ ለትዳር የሚጠይቅ እንደጠፋ ነገረኝ። ለብሔራዊ ውትድርና ሰው ሲመለመልም ማኅበሩ ቀድሞ የሚጽፈው የእነሱን ልጆች ስም እንደሆነ አጫወተኝ። «ጥፋተኛ ተብለን ተጽፈን የለ» አለ። «ጥፋተኛ ምን ብሎ ይከራከራል?»

«ሰኞስ ምን ይሆናል?»

«እኔ ድንጋዬን ተሸክሜ እወርዳለሁ። ጎረምሶቹ ግን ያኔ ሕፃናት ነበሩ። ስላላዩት ጠብ ሰባት ዓመት ይቅርታ ጠየቁ። ዘንድሮ የመረጡት ድንጋይ ትንንሽ ነው፤ ከእጅ የሚገባ።»

የሚወረወር ማለቱ ነው። በማኅበሩ ጥበቃዎች እጅ ጠመንጃ እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን።

እሑድ፣ ታች ሜዳ

የላይ አምባን ሰው ይዤ ብሄድ ነገር ይከራል ብዬ ብቻዬን ወረድኩ። የፈለግኋቸው አባ ገብሬን ነው። በዚያ ጠብ ከታች ሜዳ የሞተው አንድ ሰው የእሳቸው ልጅ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አጥራቸው ሥር አገኘኋቸው። እጅ ነሣሁ። አወቁኝ።

«ጸሐፊው አይደለህ?»

«ነኝ አባ። ስለ ነገው ልለምንዎ ነው የመጣሁት። ድንጋዩ ይቅርላቸው። እርስዎ አንድ ቃል ከተናገሩ ሌላው ይሰማል።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። የተቆጡ መስሎኝ ልመናዬን ልደግም ስል «ለመሆኑ በየዓመቱ ይምጡ ያለው ማነው?» አሉኝ።

«እርስዎ ጠይቀው አይደለም እንዴ?»

«እኔ? እኔ ያልኩት ዓመት ሲዞር ነው። ለልጄ ተዝካር ዓመቱ ሲዞር አንድ ጊዜ መጥተው ይቅር በሉን ይበሉኝ፣ እኔም ይቅር ልበል አልኩ። አንተ ስታነበው ‹በዞረ ቁጥር› ይላል። አበጋሮቹ አክብደውት ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።» ድምፃቸው ቀጠነ። «በየግንቦቱ የልጄን ሬሳ ይዘውልኝ ይመጣሉ። ይቅር ብዬ እንኳ አልጨርስ።»

አበጋሮቹ እንዳላከበዱት አውቃለሁ፤ ቃላቸውን ወደ ወረቀት የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ብዕሬን ይዤ ጠንካራ ቃል ስፈልግ ትዝ ይለኛል። አውቄ ልለውጠው፣ ሳላውቅ ይለወጥ፣ እስከ ዛሬ ለራሴም እርግጠኛ መልስ የለኝም። ሳነበው ያሸነፉት ደስ አላቸው። የተሸነፉት አንገታቸውን ደፍተው ነበርና ማንም አልተቃወመም።

ወደ ላይ አምባ ተመለስኩ። ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ስጽፍ ተሳስቻለሁ ማለት በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አይደለም። በወረቀት ምክንያት ታስሮ የቀረ አስተማሪ አውቃለሁ። ለከድጃ ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ ወደ ላሞቿ ዞረች።

«ለእኔ የነገርከኝን ነገ ለእነሱ ትነግራለህ» አለች።

ሰኞ፣ መስኩ ላይ

ታች ሜዳዎች ዋርካው ሥር ተቀምጠዋል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ከፊት፣ ጠመንጃ የያዙ አራት ጥበቃዎች ከጎኑ። ላይ አምባዎች ተሰልፈው ወረዱ። ሽማግሌዎቹና አያ ይማም ትልልቅ ድንጋይ በትከሻቸው ይዘዋል። ጎረምሶቹ ከኋላ ናቸው፤ እጃቸው ከጋቢያቸው ውስጥ ነው። ጥበቃዎቹም አይተዋቸዋል። አንዱ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

በሁለቱ መካከል ገባሁ።

«እኔ የውሉ ጸሐፊ ነኝ» አልኩ። «ሽማግሌዎቹ የወሰኑት አንድ ጊዜ እንድትወርዱ ነው። በየዓመቱ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስህተቱ የእኔ ነው።»

ሊቀ መንበሩ ብድግ አለ። «ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው። ማነህ አንተ? ወረቀትህን አምጣ።» የይለፍ ወረቀቴን ተቀብሎ ስሜን ይጽፍ ጀመር።

ከጎረምሶቹ አንዱ ወደ እኔ መጣ። ጢሙ ገና ማቆጥቆጡ ነው።

«ሰባት ዓመት ያዋረደን የአንተ ቃል ነው?»

«አዎ።»

ድንጋዩን ከጋቢው አወጣ። ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እግሬ ሥር ጣለው፤ አፈሩ ጫማዬ ላይ ተረጨ። ዓይኔን ስገልጥ አባ ገብሬ ከዋርካው ሥር ተነሥተው በምርኩዝ እየመጡ ነበር። ማንም አልደገፋቸውም። አያ ይማም ፊት ቆሙና ድንጋዩን ከትከሻው ሊያወርዱ እጃቸውን ዘረጉ። ከበዳቸው። ይማም ጎንበስ አለላቸው፤ አብረው መሬት አስቀመጡት።

«በቃኝ» አሉ አባ ገብሬ። «ልጄን ልቅበረው።»

አንዲት የታች ሜዳ እናት ማልቀስ ጀመረች። ሽማግሌዎቹ ድንጋያቸውን አወረዱ። ጎረምሶቹም እያመነቱ አንድ በአንድ ጣሉ። ሁሉም አልጣለም፤ ሁለቱ በእጃቸው እንደያዙ ወደ ዳገቱ ተመለሱ።

ስለ ምንጩ አያ ይማም ሲጠይቅ ሊቀ መንበሩ «ከወረዳ ጋር እንነጋገርበታለን» ብሎ ዘጋው።

ማክሰኞ፣ ደሴ

ቤቴ የደረስኩት እኩለ ቀን ላይ ነው። ባለቤቴ ፊቴን አይታ ያመመኝ መሰላት። በሳምንቱ ወደ አንድ ቢሮ ተጠርቼ የሆነውን በጽሑፍ እንዳስረዳ ታዘዝኩ። ሁለት ገጽ ጻፍኩ፤ ቃል ሁሉ ከበደኝ፤ አንዱን አረፍተ ነገር አራት ጊዜ ሰርዤ ጻፍኩት። ተቀብለው ሂድ አሉኝ። እስካሁን የመለሱልኝ ነገር የለም፤ በር ሲንኳኳ እደነግጣለሁ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን ለመናገር አፍራለሁ፤ ለዓመታት ሳስተምረው የኖርኩት ነገር ነውና። ጠቡ አንድ ቀን ነው የፈጀው። እርቅ የተባለው ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ከብት ጨረሰ፣ ትዳር ከለከለ፣ ሴቶችን ገደል ለገደል አንከራተተ፣ ያላጠፉ ልጆችን ለሌላ ጠብ አሳደገ። ያሸነፈውንም ሰው ሐዘኑን እንዳይጨርስ አድርጎታል። ይህን ሁሉ መንደሩ ምን እንደሚሆን ሳላይ፣ በሚያምር እጅ ጽሑፍ ነው የጻፍኩት።

ትናንት ዓሣ ነጋዴው በደጄ በኩል ሲያልፍ ቆመ። ወረዳው ገና አልወሰነም። ነገር ግን አባ ገብሬ በሳምንት ሁለት ቀን ምንጩ ዳር ተቀምጠው የላይ አምባን ከብት ያስገባሉ አለኝ። የታች ሜዳ ሰዎች ዱላ ይዘው ቆመው ያያሉ፤ ሰላምታ የለም።

«ከድጃስ ምን አለችህ?» አልኩት።

«ላሞቹ ጠጡ በለው አለችኝ።»